የሰበታ ብርድ ለከረንት አይበቃም

መጀመሪያ አንድ ደንበኛ "እትዬ፣ ከረንት አለ?" ሲለኝ መብራት የጠፋበት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የሚለው ውጭ አገር የቀመሰውን፣ ጥቁር ወይ ቀይ ፍሬ በዘለላ የሚያንጠለጥለውን ቁጥቋጦ ነው። ሰበታ ችግኝ ስሸጥ ዓመታት አልፈዋል። የለኝም ባልኩ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፦ "እንዴ! በዚህ ብርድ እንዴት አይበቅልም?"

ይህቺ ነገር ሰልችታኛለች።

ብርድ አለ፣ አልካድኩም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ረፋድ ላይ ግን ሹራባችንን አውልቀን ነው የምንኮተኩተው። ከረንት ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛ ተክል ነው። ነቅቶ በደንብ እንዲያብብ አብዛኞቹ የጥቁር ከረንት ዝርያዎች ከ7 ዲግሪ በታች ወደ 1,000 ሰዓት፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ብርድ ይፈልጋሉ። አስሉት እስቲ፤ ሌት ተቀን ሳይቋረጥ ከ40 ቀን ያልፋል። እኛ ጋ ንጋት ላይ የተገኘችውን ጥቂት ሰዓት የቀኑ ፀሐይ መልሳ ታበላሻታለች።

አንዲት ደንበኛዬ አልሰማ ብላ ከውጭ በሻንጣ አስመጣች። (ይሄም ልክ አይደለም። ችግኝ ያለ ኳራንቲን ፈቃድ አይገባም፤ በሽታና ተባይ ይዞ ይመጣል።) አራት ዓመት ተንከባከበችው። ቅጠሉ ያምራል። ፍሬው አንድ እፍኝ አይሞላም። ጎረቤቷ ደግሞ "ፍግ ጨምሪበት" ይላታል። ፍግ ሲበዛ ቅጠል ነው የሚጨምረው!

"ታዲያ ጨንቻ አፕል እንዴት አፈራ?" ጥሩ ጥያቄ። እንደ አና ያሉ ትንሽ ብርድ የሚበቃቸው የአፕል ዝርያዎች አሉ። ጥቁር ከረንት እንደዚያ አይደለም።

ኬክ ላይ ያያችሁት ደረቁ "ከረንት" ትንሽ ዘቢብ ነው፣ ከወይን የተሠራ።

"ወንድ ካልተተከለለት አያፈራም" የሚሉም አሉ። ከኮሽም ጋር እያምታቱት ነው። ከረንት በአብዛኛው ብቻውን ያፈራል። ወንድና ሴቱ ለየብቻ የሚበቅለው ኮሽም ነው። ስለዚህ ኮሽማችሁን "መካን ነው" ብላችሁ መጥረቢያ ከማንሳታችሁ በፊት አስቡ፤ ወንድ ይሆናል።

በጣም የምቆጣው ግን "አጋም የዱር ነው፣ ለግቢ አይሆንም" ሲሉኝ ነው። ጥቁር፣ ጣፋጭ፣ ጎምዘዝ ያለ ፍሬ አይደል የፈለጋችሁት? ይኸው! አበባው ነጭ ነው፣ ሽታው ደጅ ድረስ ይመጣል፤ አጥርም ይሆናል። ዘሩን ከበሰለ ፍሬ አውጥታችሁ ሳይደርቅ ዝሩት። በደንብ ሳይጠቁር አትቅመሱት፣ ወተት አለው። እሾሁ ቀልድ ስለማያውቅ ልጆች ከሚሯሯጡበት አርቁት። "ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል" ይባል የለ? ቁልቋል አጠገቡ አትትከሉ እንግዲህ።

ያቺ ደንበኛዬ ባለፈው ክረምት አምስት የአጋም ችግኝ ወስዳለች። ከረንቱን ግን እስካሁን አልነቀለችውም።