የሕፃናት ነርስ ፕራክቲሽነር ምንድን ነው?

ልጁ ተመርምሮ፣ ሕመሙ ታውቆ፣ መድኃኒቱም ታዝዞለት «ዶክተሩ መቼ ነው የሚያየው?» ብለው የሚጠይቁ ወላጆች አሉ። አልፈርድባቸውም። «ነርስ» የሚለው ስም ሥራውን ሙሉ በሙሉ አይናገርም።

የሕፃናት ነርስ ፕራክቲሽነር ማለት ከነርስነቷ በላይ ተጨማሪ ትምህርት ተምራ ልጆችን መርምራ የምታክም ባለሙያ ናት። አሜሪካ ውስጥ ቢያንስ ማስተርስ ይጠየቃል። መድኃኒት ማዘዝ በሁሉም ግዛት ይፈቀድላታል። አንዳንዱ ግዛት ራሷን ችላ እንድትሠራ ይተዋታል፤ ሌላው ግን ከሐኪም ጋር ስምምነት እንድትፈርም ያስገድዳል።

ሙያው የተጀመረውም በልጆች ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ነርሷ ሎሬታ ፎርድና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ሥልጠና ከፈቱ። ሐኪም እንደልብ በማይገኝበት አካባቢ ልጆች ያለ ክትትል እንዳይቀሩ ነበር ሐሳባቸው።

ከሁሉም የሚከብደው ታማሚው የት እንዳመመው መናገር አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ምርመራው በዓይን ይጀምራል። ሕፃኑ እናቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ፣ ገና ሳይነካ፣ ትንፋሹ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጠራል። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ልጅ 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ። ካለቀሰ ግን ቁጥሩ አይታመንም። ልብና ሳንባም ዝም ባለበት ቶሎ ይደመጣሉ። ጆሮና ጉሮሮ መጨረሻ ላይ ይታያሉ፤ ልጆች በጣም የሚጠሉት እሱን ነው።

መድኃኒቱም በግምት አይሰጥም። ልጁ በዕለቱ ይመዘናል። ለምሳሌ ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። 8 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ከ80 እስከ 120 ሚሊግራም መሆኑ ነው። አንድ ነጥብ ያለቦታዋ ከገባች መጠኑ አሥር እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሒሳቡን ደግሞ ማየት ግዴታ ነው።

ክትባትና የእድገት ክትትልም የእሷ ሥራ ነው። እኔ ግን ትልቁን ቦታ የምሰጠው እናትየው ከመውጣቷ በፊት ላለችው ጥቂት ደቂቃ ነው። «መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ስትቀሰቅሺው አልነቃ ካለ፣ እስኪነጋ አትጠብቂ» ትላታለች። ከዚያም እናትየው በራሷ አንደበት መልሳ እንድትነግራት ትጠይቃታለች።