ጀጎልን ፎቶ ስናነሳ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

አንድ ወዳጄ ከሐረር ተመልሶ አንድ ሰዓት ሙሉ ፎቶ አሳየኝ። ጅብ፣ ሰማያዊ ግድግዳ፣ እንደገና ጅብ፣ ከዚያ እሱ ራሱ በር ተደግፎ። «ጀጎልን ጨረስኳት» አለኝ፤ በግንብ የታጠረችውን አሮጌዋን ሐረር ማለቱ ነው። ቀና ብሎ በረንዳ አላየ፣ ጎንበስ ብሎ የግንቡን ሥር አላየ። አልፈረድኩበትም፤ እኔም መጀመሪያ ስሄድ እንደሱ ነበርኩ።

«በሮቹ ሁሉም ጥንታዊ ናቸው»

አምስቱ አዎ፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ወዳጄ የተደገፈው፣ መኪና እንደልብ የሚያስገባው ሐረር በር ግን በኋላ የተከፈተ ስድስተኛ ነው። ግንቡን አሠሩ የሚባሉት የ16ኛው ክፍለ ዘመን ገዥ አሚር ኑር ናቸው። ሥሩን ካያችሁ ጅቦች ማታ የሚሾልኩባቸው ቀዳዳዎች አሉ። እኔ ከጅቡ ይልቅ የጅቡን በር ባነሳ ይሻለኛል።

«ራምቦ ቤት፣ ራምቦ የኖረበት ቤት ነው»

ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር ውስጥ ነግዷል፣ ኖሯልም። የሞተው ግን በ1884 ዓ.ም. ነው። ያ ባለፎቅ ቤት ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው፤ ያሠራው ደግሞ ህንዳዊ ነጋዴ ነው። ስለዚህ ራምቦን ትታችሁ የህንዶቹን እጅ ፈልጉ። የእንጨት ሥራው፣ የመስኮቶቹ ባለቀለም መስታወት፣ ቀና ስትሉ ደግሞ ሥዕል ያለበት ኮርኒስ። ራስ ተፈሪ ቤትም ሂዱ፤ ዛሬ የሼሪፍ ሙዚየም ያለበት ነው። የዝሆን ራስ ያለው የሂንዱ አምላክ ጋነሽ እዚያ ተቀርጿል። መስጊድ በበዛበት ከተማ፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነ ሰው ቤት ላይ ጋነሽ! ስንቱ ቱሪስት ሳያየው ያልፋል።

«የሐረሪ ቤት ከውጭ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ምን ይነሳል?»

ግማሹ ልክ ነው። ጌይ ጋር፣ ማለትም የሐረሪ ቤት፣ ለመንገድ ጀርባውን ሰጥቶ ለግቢው ፊቱን ያዞራል። ውበቱን የደበቀው ውስጥ ነው። ስትገቡ ነደባ የሚባሉ ከፍ ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። አሚር ነደባ የአባወራው ነው። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሞልቷል። የመደቡ ቀይ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይባላል። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ካያችሁ ደግሞ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ ማንሳት «ቆንጆ ምንጣፍ» ብሎ ማለፍ ነው።

«ቀለሙ የድሮ ነው»

የድሮው ነጭ ኖራ ነው። ሮዙም አረንጓዴውም በየጊዜው ይቀየራል። ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ ፈልጉ፤ ንብርብሩ፣ ከሥሩም ድንጋዩ ይታያል።

«እኩለ ቀን ላይ ፎቶ አይነሳም»

ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ከሆነ እሺ፣ ፊት ሁሉ ጥላ ይሆናል። ጠባቡ መንገድ ውስጥ ግን ጠዋትና ማታ ፀሐይ ወለሉ ድረስ አትደርስም። ቀጥ ብላ የምትገባው እኩለ ቀን ላይ ነው። ነጩ ግድግዳ ብርሃኑን ይመልስና በር ላይ የቆመ ሰው ፊት ይደምቃል። መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎቹ መንገድም በዚያ ሰዓት ያምራል። ለዚህ ሁሉ ስልክ ይበቃል። ትልቅ ካሜራ እዚያ ጠባብ መንገድ ውስጥ ከሰው ትከሻ ጋር ሲጋጭ ነው የሚውለው።

«ግድግዳው የመንገድ ነው፤ ማስፈቀድ አያስፈልግም»

ግድግዳው ይሁን። ደጁ ግን የሰው ነው። እኔ አንዴ ክፍት በር አይቼ ስልኬን አነጣጠርኩ። አንዲት እናት ከውስጥ ብቅ አሉና «ከውጭ ምን ታያለህ? ግባ!» አሉኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ሆጃ የሚባለው የሐረሪዎች ትኩስ መጠጥ ቀረበልኝ፣ ስለ ልጆቻቸው ተጫወትን። ስወጣ ፎቶ ማንሳቱን ረስቼው ነበር፤ በማግስቱ ተመለስኩ።