ፐርሚትለስ ካሪ ምንድን ነው? «ያለ ፈቃድ» ማለት «ማንም» ማለት አይደለም

ሰሞኑንም አንዱ «ቴክሳስ ያለ ፈቃድ መሣሪያ ፈቅዳለች፣ ማንም ተነስቶ ይታጠቃል» ሲል ሰማሁት። ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ።

የጥፋቱ ግማሽ የትርጉም ነው። እኛ «ያለ ፈቃድ መሣሪያ» ስንባል የሚታየን ኬላ ላይ የተያዘ ኮንትሮባንድ ነው። አገር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ከሌለህ ቤትህ ማስቀመጥም ወንጀል ነው። ቴክሳስ ውስጥ ግን ሽጉጥ ቤት ለማስቀመጥ ድሮም ፈቃድ አይጠየቅም ነበር። አሁን የተነሳው ሽጉጥ ታጥቆ ከቤት ለመውጣት ይጠየቅ የነበረው ፈቃድ ነው፣ «ፐርሚትለስ ካሪ» የሚባለውም ይኸው ነው፤ እሱም ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ፣ በሕጉ አጻጻፍ 21 ዓመት ለሞላውና ሕግ ላልከለከለው ሰው ብቻ።

በሰርግ ላስረዳ። ድንኳኑ በር ላይ የጥሪ ካርድ የሚያየው ሰውዬ ተነሳ እንበል። ካርድ ባይጠየቅም ያልተጠራ ሰው ያው ድንኳን ሰባሪ ነው፣ ከተገኘ ይወጣል። ከባድ ወንጀል የተፈረደበት፣ ሚስቱን በመደብደብ የተቀጣ፣ ፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ ያወጣበት ሰው እንደዚያ ነው። (የመጨረሻው በ2024 ራሂሚ በተባለ የቴክሳስ ሰው ጉዳይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ 8 ለ 1 ጸንቷል።) ድንኳን ገባህ ማለት ደግሞ ሙሽሮቹ ጓዳ ትገባለህ ማለት አይደለም፤ ቡና ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ትምህርት ቤት አሁንም ክልክል ናቸው። ካርዱም መታተሙን አልተወም፣ የሚፈልግ ያወጣል። ለምን ያወጣል? ሌላ ሰፈር ሰርግ ሲሄድ ይጠየቃላ! ፈቃድ ግድ የሆነባቸው ስቴቶች አሉ።

«ታዲያ ያለ ምርመራ ይገዛል» ለሚለው ወዳጄ፦ ግዢ ሌላ፣ መታጠቅ ሌላ። ፈቃድ ካለው ሱቅ የሚገዛ ሰው ፎርም ይሞላል፣ የወንጀል ታሪኩም ይጣራል። ይህን የሚያዘው የፌዴራል ሕግ ነው፣ የስቴት ምክር ቤት ሊያነሳው አይችልም። ከግለሰብ የሚገዛው ቴክሳስ ውስጥ አይጣራም፣ እውነት ነው። ግን ከ2021 በፊትም አይጣራም ነበር። አዲሱን ሕግ መውቀስ ካማረህ በራሱ ጥፋት ውቀሰው።

የራሱ ጥፋት ደግሞ አለው፣ የሰርጉ ምሳሌም እዚህ ላይ ያነክሳል። የጥሪ ካርድ ለማግኘት ማንም ፈተና አይቀመጥም፤ የቴክሳሱ ፈቃድ ግን ትምህርትና የተኩስ ፈተና ነበረው። ካርዱ ግዴታ መሆኑ ሲቀር ሥልጠናውም አብሮ በፈቃደኝነት ሆነ። በየስቴቱ ምክር ቤት የሚያከራክረውም ይኸው ነው። ደጋፊዎቹ መብት ክፍያና ወረፋ አይጠየቅበትም፣ የሚጎዳውም ደሃው ነው ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ፣ ከነሱም ብዙ የፖሊስ ሰዎች፣ መንገድ ላይ ያገኙት ታጣቂ መተኮስ ይችል አይችል በምን ይታወቃል ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛዎቹ አደላለሁ። ይሁን እንጂ 29 ስቴቶች ወደ መጀመሪያዎቹ አድልተዋል፤ ቬርሞንት እንዲያውም ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም።

የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ስለምሠራ ሳትጠይቁኝም ልጨምር። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልኖሩት በቀር፣ ሽጉጥ በእጁ መገኘቱ ብቻ የፌዴራል ወንጀል ነው። ስቴቱ ምንም ቢል አያድነውም። ግሪን ካርድ ያለው መያዝ ይችላል፤ ነገር ግን በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊያስባርረው ይችላል። ሌላም አለ፦ ከትምህርት ቤት 1,000 ጫማ ርቀት ውስጥ መታጠቅን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የስቴቱን ፈቃድ የያዘን ሰው ይምራል። ያለ ፈቃድ የታጠቀውን ግን አይምርም። ስለዚህ ፈቃድ አያስፈልግም የተባለው ሰው ታጥቆ ልጁን ትምህርት ቤት ለማድረስ ሲሄድ ፈቃድ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ከዳላስ ሲልቨር ስፕሪንግ ለእውነተኛ ሰርግ የምትሄዱ ደግሞ ሽጉጡን ቤት ተዉት። ሜሪላንድ የማንንም ስቴት ፈቃድ አትቀበልም።