«ሰርቪስ ሆስት ዳታዬን ጨረሰው»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ፕሪንት ቤትም ሆነ ሜክሲኮ ሕንፃ ላይ አንድ ክፍል የተከራየ የሒሳብ ቢሮ፣ ኮምፒውተሮቹ ወይ አንድ ራውተር ይካፈላሉ ወይ ከስልክ ሆትስፖት ይወስዳሉ። ጠዋት የተገዛው ፓኬጅ ከምሳ በኋላ አልቆ ሲገኝ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየው ታስክ ማኔጀር ይከፈታል፤ «ሰርቪስ ሆስት» የሚል ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ይታያል፤ «ቫይረስ ነው፣ ዝጋው» ይባላል። ይህ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው፤ ጉዳትም አለው። ከዚህ በታች ያለው ለዊንዶውስ 10 እና 11 የሚሠራ ነው።

«ቫይረስ ባይሆን ኖሮ ሰባ ቦታ አይታይም ነበር»

ዊንዶውስ አይፒ አድራሻ የሚጠይቀው፣ የድረ ገጽ ስም ወደ ቁጥር የሚቀይረው፣ አፕዴት የሚያወርደው፣ ሰዓት የሚያስተካክለው ሰርቪስ በሚባሉ ፕሮግራሞች ነው። ብዙዎቹ በራሳቸው መነሣት የማይችሉ የዲኤልኤል ፋይሎች ስለሆኑ አስነሥቶ የሚይዛቸው ይፈልጋሉ። ያ ያዥ ሰርቪስ ሆስት ይባላል። ሕንፃው እሱ ነው፤ ዳታ የሚበላው ተከራዩ ነው።

ቀድሞ በአንድ ሆስት ውስጥ ብዙ ሰርቪስ ይታጨቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ቨርዥን 1703 ጀምሮ ግን ከ3.5 ጊጋባይት በላይ ራም ባለው ኮምፒውተር ላይ አብዛኞቹ ሰርቪሶች የየራሳቸው ሆስት ተሰጥቷቸዋል። ምክንያቱም አንዱ ሲበላሽ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ ነው። ስለዚህ 60 ወይም 80 ሆስት ማየት ምንም አያሳስብም።

እርግጥ ነው፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዛመቱ ቫይረሶች በዚህ ስም መደበቅ ይወዳሉ። ለመለየት ሁለት ነገር እዩ። መጀመሪያ ፊደሉን (ትክክለኛው የፋይል ስም svchost.exe ነው)፦ «ሲ» የጎደለው፣ «ሲ» እና «ቪ» የተቀያየሩበት፣ ወይም በ«ኦ» ፈንታ ዜሮ የገባበት ከሆነ የውሸት ነው። ቀጥሎ ቦታውን፦ ስሙ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» በሉ። ትክክለኛው ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ በሲስተም32 (ወይም በሲስዋው64) ይገኛል። ዶክመንት፣ ዳውንሎድ ወይም ቴምፕ ውስጥ ከተገኘ ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ከፍታችሁ የዲፌንደርን ኦፍላይን ስካን አስነሡ፤ ኮምፒውተሩ ሪስታርት አድርጎ 15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል። «በተጠቃሚው ስም የሚሠራ ሆስት ካየህ ቫይረስ ነው» የሚለው የድሮ ምክር ግን አሁን አይሠራም። በዊንዶውስ 10 እና 11 በተጠቃሚው ስም የሚሠሩ ጤነኛ ሰርቪሶች አሉ።

«የትኛው እንደሚበላ ማወቅ አይቻልም»

ይቻላል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ገብታችሁ «ኦፕን ሪሶርስ ሞኒተር» በሉ። በዊንዶውስ 11 ይህ ትእዛዝ በላይኛው ጥግ ካሉት ሦስት ነጥቦች ስር ሊደበቅ ይችላል። ከዚያ «ኔትወርክ» የሚለውን መርጣችሁ «ቶታል» በሚለው ዓምድ ራስጌ ላይ ክሊክ ስታደርጉ ብዙ የሚበላው ወደ ላይ ይመጣል።

ቁጥሩ በሰከንድ የሚያልፍ ባይት ነው። 300,000 የሚል ካያችሁ በሰከንድ 300 ኪሎባይት ገደማ ማለት ነው፤ በሰዓት ሲሰላ ከ1 ጊጋባይት ትንሽ ይበልጣል። ፓኬጁ ለምን ምሳ ሰዓት እንዳልደረሰ እዚህ ላይ ይታያል። 200 ወይም 500 ብቻ የሚል መስመር ግን የተለመደ ንግግር ስለሆነ እለፉት።

አሁን የዚያን መስመር ፒአይዲ፣ ማለትም የፕሮግራሙን መለያ ቁጥር፣ ያዙ። ወደ ታስክ ማኔጀር ተመልሳችሁ «ዲቴይልስ» ውስጥ ያንኑ ቁጥር ፈልጉ፤ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ጎ ቱ ሰርቪስስ» ስትሉ በሆስቱ ውስጥ ያለው ሰርቪስ ቀለም ተቀብቶ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዊንዶውስ አፕዴት፣ ቢትስ (የማውረጃ ሰርቪስ) ወይም ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን (አፕዴትን ከሌሎች ኮምፒውተሮች ጋር የሚያካፍለው) ነው። በሴቲንግስ ያለው የ«ዳታ ዩሴጅ» ዝርዝር ያለፈውን 30 ቀን በየፕሮግራሙ ስለሚያሳይ ይጠቅማል፤ የዊንዶውስን ሰርቪሶች ግን «ሲስተም» በሚል አንድ ስም ስለሚጠቀልላቸው ብቻውን አይበቃም።

«ኤንድ ታስክ ካልነው ይገላገላል»

አንዳንዱ ሰርቪስ ወዲያው ተመልሶ ይነሣል፤ ትርፉ ማውረዱን ማቋረጥ ብቻ ነው። አንዳንዱ ሆስት ሲዘጋ ኮምፒውተሩን ራሱን ሪስታርት ያስደርጋል፤ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል።

ሦስተኛው ዓይነት ብዙ ሰው ያሳስታል። አይፒ አድራሻ የሚጠይቀው የዲኤችሲፒ ክላየንት ሰርቪስ በስህተት ከቆመ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ መቀበል ያቅተዋል። አድራሻው በ169.254 ከጀመረ ራውተሩ የሰጠው እንዳይመስላችሁ፤ ኮምፒውተሩ መልስ ሲያጣ ለራሱ ያወጣው ነው፤ በእሱ ወደ ኢንተርኔት መውጣት አይቻልም። በስታርት ሜኑ «ሰርቪስስ» ብላችሁ ፈልጉ፤ ዲኤችሲፒ ክላየንት «ራኒንግ» እና «አውቶማቲክ» መሆኑን አረጋግጡ። እሱ ደህና ከሆነ ችግሩ ገመዱ ወይም ራውተሩ ጋ ነው።

«አፕዴትን ከሰርቪስስ ዲሴብል ማድረግ ነው መፍትሔው»

በየኮምፒውተር ጥገናው የሚደረገው ይህ ነው፤ ዘላቂ ግን አይደለም። ዊንዶውስ አፕዴት ሜዲክ የሚባል ሌላ ሰርቪስ አለ፤ ሥራው የተዘጋውን አፕዴት መልሶ መክፈት ነው። ተዘግቶ ቢቆይ ደግሞ ኮምፒውተሩ በየወሩ አፕዴት የሚደፍናቸው የደኅንነት ቀዳዳዎች እንደተከፈቱበት ይቀራል። ብዙ እንግዳ ፍላሽ የሚሰካበት ፕሪንት ቤት ይህን አደጋ መሸከም የለበትም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መቆሙንም አትርሱ።

የሚሻለው ለዊንዶውስ «ይህ መስመር በልክ የሚከፈልበት ነው» ብሎ መንገር ነው። በሴቲንግስ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ ከዚያ «ዋይፋይ»፣ ከዚያ የተገናኛችሁበት ዋይፋይ «ፕሮፐርቲስ»፤ እዚያ «ሜትርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩ። አብዛኛው አፕዴት በራሱ መውረዱን ያቆማል፤ ዋንድራይቭ የተባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ፋይል ማከማቻም ፋይል ማመሳሰሉን ይገታል። ላፕቶፕ የስልክን ሆትስፖት እንደ ማንኛውም ዋይፋይ ስለሚያየው ይህን ራሳችሁ ካልነገራችሁት ብዙ ጊዜ አያውቅም።

ብዙዎች የሚወድቁበት ቦታ እዚህ ነው፦ ቅንብሩ ለእያንዳንዱ መስመር ለየብቻ ነው። ዋይፋዩን ሜትርድ ካደረጋችሁ በኋላ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ብትሰኩት ዊንዶውስ እንደ ኢተርኔት ገመድ ያየዋል፤ ቅንብሩም ዜሮ ነው። «ኢተርኔት» ውስጥ ገብታችሁ እንደገና ማብራት አለባችሁ። የሌላ ሰው ስልክ ስትጠቀሙም እንዲሁ።

አፕዴቱን ግን ጨርሶ አትተዉት። እስከ 5 ሳምንት ማቆየት ይቻላል፤ ከዚያ ያልተገደበ መስመር ያለበት ቦታ ወስዳችሁ አስጭኑት። የወሩ ዋና አፕዴት የቀደሙትን አጠቃልሎ ስለሚይዝ ሦስት ወር ቢያመልጣችሁም ሦስቱን ለየብቻ ማውረድ አይጠበቅባችሁም። ከማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ አንድ ጊዜ በፍላሽ አውርዶ ተመሳሳይ ቨርዥን ባላቸው ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ መጫንም ይቻላል።

«ባክግራውንድ ስለሆነ ሌላውን አያዘገይም»

ቢትስ የሚባለው የማውረጃ ሰርቪስ ትርፍ መስመር ብቻ እንዲጠቀም ነው የተሠራው። ትርፉን የሚለካው ግን በዋናነት በራሱ ኮምፒውተር የኔትወርክ ካርድ ላይ ነው። ማንም ያልተቀመጠበት የጥግ ኮምፒውተር «ሥራ የለም» ብሎ በሙሉ ኃይሉ ሲያወርድ፣ ጎኑ ያለው ሠራተኛ የባንክ ገጽ አልከፈትለት ይላል። የቢሮ ኢንተርኔት ያለ ምክንያት ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ የምትፈትሹት የሚሠራበትን ሳይሆን ባዶውን ኮምፒውተር ይሁን።

«ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽንን አይቶ ዝም ማለት ሞኝነት ነው፤ መዝጋት ነው»

ፍርሃቱ መሠረት አለው። ይህ ሰርቪስ የወረደውን አፕዴት ለሌሎች ኮምፒውተሮች ሊልክ ይችላል፤ ኢንተርኔት ላይ ላሉ የማታውቋቸው ኮምፒውተሮች ጭምር እንዲልክ ከተፈቀደለት ከእናንተ ፓኬጅ ላይ ነው የሚሄደው። በአንድ ራውተር ላይ ብዙ ኮምፒውተር ላለው ቢሮ ግን ሙሉ በሙሉ መዝጋቱ ኪሳራ ነው። 8 ኮምፒውተሮች 800 ሜጋባይት የሆነ አፕዴት ለየራሳቸው ቢያወርዱ 6.4 ጊጋባይት ይሄዳል። እርስ በርስ እንዲካፈሉ ከተፈቀደ አብዛኛው በቢሮው ውስጥ ይዘዋወራል፤ ከውጭ የሚገባው በብዙ ይቀንሳል።

በ«ዊንዶውስ አፕዴት» ስር «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» ግቡ። «በአካባቢዬ ኔትወርክ ላይ ያሉ» የሚለውን ምረጡ፤ «እና ኢንተርኔት ላይ ያሉ» የሚለውን ተዉት። እዚያው «አክቲቪቲ ሞኒተር» በዚህ ወር ከማይክሮሶፍት፣ ከጎረቤት ኮምፒውተርና ከኢንተርኔት ስንት እንደወረደ፣ ስንትም እንደተላከ ያሳያል። መካፈሉ ካልሠራ ሁለት ነገር ጠርጥሩ፦ ኮምፒውተሩ ከ4 ጊጋባይት ያነሰ ራም አለው፣ ወይም ሁሉም የተገናኙት መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ በሚከለክል የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ነው። የስልክ ሆትስፖት ብቻ የሚጠቀም ሰው ግን ቢዘጋው ምንም አይጎድልበትም።

«ኖ ኢንተርኔት ካለ ኢንተርኔት የለም»

ሁልጊዜ አይደለም። ዊንዶውስ ይህን የሚወስነው ከማይክሮሶፍት አንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል በመጠየቅ ነው፤ ውስጧ «ማይክሮሶፍት ኮኔክት ቴስት» የሚል ብቻ አለ። ፋይሏ ካልመጣች፣ በፋየርዎል፣ በቪፒኤን ወይም በዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስም ወደ ቁጥር በሚቀይረው) ችግር ምክንያት ቢሆን እንኳ፣ «ኖ ኢንተርኔት» ይላል። ካፌ ውስጥ የፓስወርድ ገጽ በራሱ የሚከፈተውም በዚሁ ጥያቄ ምክንያት ስለሆነ አትዝጉት። መጀመሪያ ሌላ ገጽ ሞክሩ።

«ኤምዲኤንኤስ ሪስፖንደር ይሰልላል»

በዝርዝሩ ላይ አንዳንዴ የሚታየው ይህ ስም ከአይቲዩንስ ጋር የሚገባው የአፕል ቦንዡር ነው። ሥራው በአንድ ኔትወርክ ላይ ያሉ ፕሪንተሮችንና መሣሪያዎችን በስማቸው መፈለግ ሲሆን በፖርት 5353 ወደ 224.0.0.251 ይጣራል። ይህን ጥሪ ራውተር ወደ ውጭ አያሳልፈውም። ዊንዶውስ ላይ አይቲዩንስንም ሆነ በቦንዡር የሚገኝ ፕሪንተር የማትጠቀሙ ከሆነ ማጥፋት ትችላላችሁ። ማክ ላይ ግን የድረ ገጽ ስሞችን የሚፈታው እሱ ራሱ ነው፤ ከከለከላችሁት ምንም ገጽ አይከፈትም። አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ዮሰሚቲ በተባለው የማክ ሲስተም (ቨርዥን 10.10) በሌላ ተክቶት ነበር፤ ብዙ የኔትወርክ ችግር ስለመጣ በ2015 በ10.10.4 መለሰው።

«ሰዓቱ ቢሳሳት ከኢንተርኔት ጋር ምን አገናኘው?»

በእጅጉ ይገናኛል። አድራሻው በhttps የሚጀምር እያንዳንዱ ድረ ገጽ መነሻና ማብቂያ ቀን ያለው ሰርተፊኬት ያሳያል። የኮምፒውተሩ ቀን በዓመታት ወደ ኋላ ከቀረ ሰርተፊኬቱ «ገና አልጀመረም» ይሆናል፤ ብራውዘሩ ገጹን አይከፍትም። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ይህ የሚደርስበት የድሮ ዴስክቶፕ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል ማለት ነው። ባትሪዋ ሲአር2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ መያዣዋን ገፋ አድርጋችሁ አውጡ፤ አዲሷን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ ክተቱ።

የሰዓት ሰርቪሱ ራሱ ለምን አላስተካከለውም? በአንድ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ላይ ልዩነቱ ከ15 ሰዓት ከበለጠ በራሱ እንዳያስተካክል ተደርጎ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ መጀመሪያ ቀኑን በእጃችሁ አስገቡ፤ ከዚያ «ሲንክ ናው» በሉ። የሰዓት ክልሉ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ ስለሌለ «ናይሮቢ» የሚለውን፣ ማለትም ፕላስ 3ን ምረጡ።

በሀበሻ አቆጣጠር ለማየት ብሎ ዓመተ ምሕረቱን መቀየር ያንኑ የሰርተፊኬት ችግር ያመጣል። ሰዓቱን በ6 ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ የኢሜይልና የፋይል ሰዓቶችን ያዛባል። የሀበሻ ሰዓት ለሚፈልግ ንጹሕ መንገድ አለ። በ«ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ» ስር «አዲሽናል ክሎክስ» ከፍታችሁ ሁለተኛ ሰዓት ጨምሩ፤ ክልሉን ማይነስ 3 የሆነውን «ካየን፣ ፎርታሌዛ» አድርጉት። ዋናው ሰዓት ከጠዋቱ 9፡00 ሲል ይህኛው 3፡00 ይላል። ማውሱን በታችኛው ጥግ ሰዓቱ ላይ ስታሳርፉት ሁለቱም አብረው ይታያሉ።