አስተዳደግና ትምህርት በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ

በጣና ሐይቅ ዙሪያ ልጅን ማሳደግና ልጅን ማስተማር ለረጅም ዘመን እንደ ሁለት ሥራ አይታዩም ነበር። የገበሬው ልጅ አባቱን እየተከተለ እርሻን፣ የዓሣ አስጋሪው ልጅ ታንኳ ላይ ሆኖ የውኃን ጠባይ፣ ለክህነት የታሰበው ልጅ ደግሞ የኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደልን ሲማር፣ ሙያውንም እምነቱንም ሰውን የሚያከብርበትን ሥርዓትም የሚቀስመው ከነዚያው ሰዎች ነበር። ካለፉት ስድሳና ሰባ ዓመታት ወዲህ ይህ ተለውጧል። ለውጡን ለመረዳት የሚያመቸው የሥርዓተ ትምህርት ክለሳዎችን ዝርዝር ማየት ሳይሆን፣ የልጁ ውሎ በማን እጅ እንደነበረና በማን እጅ እንደገባ መከታተል ነው።

ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ሲሆን፣ ባሕር ዳር የምትገኘው በደቡብ ጫፉ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ስፍራ ነው። በምሥራቅ የፎገራ፣ በሰሜን የደንቢያ፣ በደቡብ የጎጃም እርሻዎች ያዋስኑታል፤ በደሴቶቹና በዘጌ ልሳነ ምድር ላይ ደግሞ ዘመናትን ያስቆጠሩ ገዳማት አሉ። ከተማ፣ ገጠር፣ ገዳምና የውኃ ዳር ኑሮ በአጭር ርቀት ውስጥ ስለተገናኙ፣ በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ የልጅ አስተዳደግ አንድ ዓይነት አልነበረም።

በገበሬው ቤት አምስትና ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ግልገልና ጥጃ ይጠብቃል፤ ከፍ ሲል ከብት ይነዳል፤ ጉልበቱ ሲጠና እርፍ ይጨብጣል። ልጅቷ ውኃ ትቀዳለች፣ ታናናሾቿን ታዝላለች፣ ጥጥ መፍተልና እንጀራ መጋገር ትለምዳለች። ለእንግዳ እጅ የሚያስታጥበው ልጅ ነው፤ አዋቂዎች በልተው እስኪነሡ ቆሞ ያሳልፋል፣ አልፎ አልፎም ጉርሻ ይቀበላል። ወላጅን «አንቱ» ማለት ግዴታ ነበር። መንገድ ላይ ያጠፋን ልጅ ያየው ጎልማሳ ሁሉ ሊገሥጸውም ሊገርፈውም ይችል ነበር፤ ልጁም ቤት ገብቶ አቤት ቢል የሚጠብቀው ሌላ ግርፊያ ነው። ይህን ሁሉ ያስከብር የነበረው ግን ምክር ብቻ አልነበረም። ጎጆ ሲወጣ መሬት ቆርሶ፣ በሬ መድቦ የሚያቋቁመው አባቱ ስለሆነ፣ የልጁ ታዛዥነት ከሚወርሰው መሬት ጋር የተያያዘ ነበር። ዛሬ «የድሮ ልጅ ጨዋ ነበር» ሲባል ይህ የጥቅም ትስስር አብዛኛውን ጊዜ ይዘነጋል።

ዘጌ ከዚህ ለየት ይላል። በልሳነ ምድሩ በአቡነ በትረ ማርያም የተሰጠ ነው ተብሎ በሚታመነው ሥርዓት መሠረት ማረስና ከብት ማርባት የተከለከለ በመሆኑ ኑሮው በቡና ደን ላይ ቆሟል። የዘጌ ልጅ በባህሉ መሠረት እርፍ ሳይጨብጥና ከብት ሳይጠብቅ፣ ቡና እየለቀመና እያሰጣ፣ በታንኳም ወደ ባሕር ዳር ገበያ እየተመላለሰ ያድጋል። የጎብኚው ቁጥር ሲጨምር ጀልባ ማረፊያው ላይ ትንንሽ የደንገል (በሐይቁ ዳር የሚበቅል ረጅም ተክል) ታንኳዎችን መሸጥና ወደ ገዳማቱ መንገድ መምራት ለልጆች የገቢ ምንጭ ሆነ፤ በመምህራን ዓይን ደግሞ ልጆቹ ከክፍል የሚቀሩበት አንዱ ምክንያት።

የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ልጆች ትምህርት ቤታቸው ራሱ ሐይቁ ነበር። ማኅበረሰቡ ቀድሞ ጉማሬ በማደን፣ ኋላም ዓሣ በማስገር፣ የወፍጮ ድንጋይ በመጥረብ፣ ስፌት በመስፋትና የደንገል ታንኳ በመሥራት ይታወቃል። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅ በእቅፍ በእቅፍ ተደራርቦ ጥርቅም ተደርጎ ይታሰራል፤ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሐይቅ በወጣ ቁጥር ዳር ላይ ተስቦ መድረቅ አለበት፣ ያም ሆኖ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም። ልጅ ሙያውን የሚማረው አዋቂው ሲያስር አጠገቡ ሆኖ እያቀበለ ነው። የታንኳው ዕድሜ አጭር መሆኑ ለትምህርቱ የጠቀመ ይመስላል፤ ታንኳ ቶሎ ቶሎ መሠራት ስላለበት ልጁ ለመማር አጋጣሚ አያጣም። ከተማው እየሰፋ ዳርቻው ለሆቴልና ለመዝናኛ ሲውል፣ ደንገሉም ሲመናመን፣ ሞተር ጀልባም ሲበዛ ይህ ትምህርት ቤት ተዘጋ ማለት ይቻላል። በምትኩ የተከፈተው መደበኛው ትምህርት ቤት ለነገደ ወይጦ ልጆች እኩል የተመቸ አልነበረም፤ ጎረቤቱ ለዘመናት አብሮ ማዕድ ላለመቁረስ ያደረገው መገለል እስከ ክፍሉ አግዳሚ ወንበር ድረስ ተከትሏቸዋል።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

በሥርዓት ከተደራጁት የትምህርት ዓይነቶች ሁሉ ቀዳሚው የቤተ ክርስቲያኒቱ ነው። ሕፃኑ ከሀሁ ይጀምራል፤ አቡጊዳን ይለያል፤ መልእክተ ዮሐንስን በንባብ ይወጣል፤ ከዚያ ወንጌል፣ በመጨረሻም ዳዊት ይደግማል። የኔታ በአንድ ጊዜ ብዙ ተማሪዎችን፣ እያንዳንዱን በየደረጃው ያዳምጣሉ፤ አንዱ ቀለም ሲስት ከሌሎቹ ድምፅ መሐል ለይተው ያርሙታል። ትልቁ ትንሹን ያስጠናል። ዳዊት መድገም ለብዙው ልጅ የትምህርት ማብቂያ ነበር፤ ወላጆችም ደግሰው መምህሩን ያመሰግናሉ። የሚቀጥለው ወደ ዜማ ቤት፣ ወደ ቅኔ ቤት፣ ከዚያም ወደ መጻሕፍት ቤት ይሻገራል። ለቅኔ ከሐይቁ ወደ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ያለው የጎጃም ምድር የታወቀ ሲሆን፣ ዋሸራና ጎንጅ ከዋድላ ጋር የቅኔ ቤቶች መጠሪያ እስከ መሆን ደርሰዋል። ተማሪው ሁለት ቤት (ስንኝ) ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ያድጋል፤ ብቻውን ርቆ ተቀምጦ የቆጠረውን (የደረሰውን) ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ በማግሥቱ አዲስ ይቆጥራል። የትናንቱን መድገም አይፈቀድም። ትምህርቱን በቃል ሽምደዳ ብቻ የሚፈርጁት ሰዎች ይህን የፈጠራ ደረጃ የተመለከቱት አይመስልም።

ለአስተዳደግ ጥናት ግን ከሁሉ የሚልቀው የቆሎ ተማሪው ኑሮ ነው። ተማሪው ከወላጆቹ ቀዬ ይርቃል፤ ብዙዎች ሳያስፈቅዱ ጠፍተው ይሄዳሉ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምናል፤ ሌሊት በሠራት ትንሽ ጎጆ ያድራል። የሚመግበው የማያውቀው መንደር ነው። ትምህርት ቤቱ በጀት የለውም፤ መንደሩ ራሱ በጀቱ ነው። በመሆኑም አዝመራ ሲበላሽ ወይም ሰው እንግዳን መጠራጠር ሲጀምር መጀመሪያ የሚፈታው ጉባኤው፣ ማለትም የመምህሩና የተማሪዎቹ ስብስብ ነው። ሴቶች ከዚህ ሥርዓት በአብዛኛው ውጭ ነበሩ፤ ከአባታቸው ተምረው በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው ብርቅ ስለነበሩም ጭምር ነው።

የሙስሊም ቤተሰቦች ልጆች በቁርአን ቤት ሰሌዳ ይዘው ከኡስታዙ ፊት ያነቡ ነበር፤ ዛሬም በባሕር ዳር ብዙዎቹ ከመደበኛ ትምህርት በፊት ወይም በኋላ መድረሳ ይሄዳሉ። ቄስ ትምህርት ቤቱ ግን በከተማው ለመዋዕለ ሕፃናት ቦታውን ለቅቋል፤ ፊደል አሁን ከእንግሊዝኛ ፊደላት ጋር ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ ተሥሎ ይቆጠራል።

ፋብሪካ፣ ፖሊና ፔዳ

ባሕር ዳር በልጆች ሕይወት ላይ አዲስ ሰዓት ያመጣችው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከኢጣልያ በተገኘ የጦር ካሣ በ1961 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ በ1963 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ተከፈተ። ከገጠር የመጣችው የፋብሪካ ሠራተኛ እናት በፈረቃ ስትወጣና ስትገባ ልጇን የሚጠብቅላት ሰው መፈለግ ነበረባት፤ ይህም ከገጠር የሚመጡ ዘመድ ልጆችን በረዳትነት ማሳደግን አስፋፋ። ዘመድ ዘንድ ሆና እየሠራች የምትማር ልጅ እስከ ዛሬ የከተማዋ አንድ መልክ ናት፤ ትምህርቷ በቤቱ ሥራ ስንት ጊዜ እንደሚቋረጥ ግን የሚወስነው የዘመዱ ፈቃድ ነው።

በ1972 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የተመሠረተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ዓላማው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ከገጠር ኑሮ ጋር የሚያስማሙ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። በዚያው ሰሞን የተዘጋጀው የትምህርት ዘርፍ ክለሳም ገጠር ተኮር መሠረታዊ ትምህርትን ለብዙኃኑ አዳርሶ ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚወስደውን በር የሚያጠብ ሐሳብ ይዞ ነበር። መምህራን ተቃወሙት፤ ወላጆችም ልጆቻችንን ከመሰላሉ ሊያወርድብን ነው ብለው አልተቀበሉትም፤ ተቃውሞው ለ1966 ዓ.ም. አብዮት መፈንዳት አንዱ ምክንያት ሆነ። የገበሬው አቋም ግልጽ ነበር፤ ልጁን ከከብት ጥበቃ የሚያስቀረው የተሻለ እረኛ እንዲሆን ሳይሆን ከእርሻ እንዲወጣ ነው። አካዳሚውና ፖሊ ቴክኒኩ ተዋሕደው በ2000 እ.ኤ.አ. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፣ ነዋሪው እስካሁን «ፔዳ» የሚለው ግቢ ከገጠር መውጫው ዋና በር ሆኖ ነበር።

በደርግ ዘመን የዕድሜ ሥርዓቱ ራሱ ተናጋ። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የሥራ ዘመቻ ተማሪዎች ወደ ገጠር ዘመቱ፤ በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ አያቶችን የልጅ መምህር ፊት አስቀመጠ። ሽማግሌ ከወጣት ፊደል መማሩ በወቅቱ እንደ ትንሽ ነገር ታይቶ ይሆናል፤ ዕውቀት በዕድሜ አይለካም የሚለው ሐሳብ ወደ ገጠር ቤት የገባው ግን በዚያ በር ነው።

መሬት፣ መስኖና የተማሪ ኪራይ ቤት

በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. ከተካሄደው የመሬት ሽግሽግ በኋላ አጠቃላይ ድልድል አልተደረገም። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ ከአባቱ ቁራሽ ካልተካፈለ በስተቀር መሬት የለውም። አባት የሚያወርሰው ሲያጣ ትምህርት የውርስን ቦታ ያዘ፤ ከዚሁ ጋርም «እምቢ ካልክ መሬት አልሰጥህም» የሚለው የቆየ ሥልጣን አከተመ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሌለበት ቀበሌ የሚያድግ ታዳጊ ወደ መራዊ፣ ወደ ሐሙሲት ወይም ወደ ባሕር ዳር ሄዶ ከሦስትና ከአራት ጓደኞቹ ጋር ክፍል ይከራያል። ስንቁ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮና በርበሬ ነው፤ ሲያልቅ ቅዳሜ ወደ ቤቱ ሄዶ እሑድ ተሸክሞ ይመለሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁ ከቤተሰብም፣ ከየኔታም፣ ከጎረቤትም ዓይን ውጭ የሆነበት ኑሮ ይህ ነው። የቆሎ ተማሪው ከቤቱ ቢርቅም መምህሩ አጠገቡ ነበሩ፤ የዛሬው ተከራይ ተማሪ ግን ከሰዓት በኋላ ማንም አይጠይቀውም። አንድ ያልታሰበ ውጤትም አለ፤ በገጠሩ ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር መታየቱ ነውር በሆነበት አካባቢ፣ ወጥ መሥራትና ሽሮ ማንተክተክ የሚችሉ ብዙ ወንዶች ሙያውን የተማሩት በተማሪነት ኪራይ ቤት ነው።

የትምህርት ዘመኑ ከመስከረም እስከ ሰኔ መሆኑ ከዝናብ እርሻ ጋር በከፊል ይስማማ ነበር፤ ከአጨዳና ከውቂያ ወራት በቀር በጋው ለልጁ ቀለል ይል ነበርና። በመራዊ አቅራቢያ 7,000 ሄክታር ለማልማት የታቀደው የቆጋ መስኖ፣ የፎገራው ሩዝ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ እንዲሁም በባሕር ዳር ዙሪያ የተስፋፋው ጫት ይህን ሚዛን ለወጡት። መስኖ በጋውን የሥራ ወቅት አደረገው፤ ጫት ደግሞ ለልጅ እጅ የዕለት ገንዘብ ሰጠ። ገቢው ደብተርና ዩኒፎርም ይገዛል፤ በዚያው ልክ ክፍሉን ያራቁታል። ቤተሰቡ የደኸየ ስለሆነ ብቻ ልጁን ከትምህርት ያስቀራል የሚለው አስተያየት እዚህ ላይ አይሠራም፤ የበለጸገው የመስኖ ገበሬም የልጁን ጉልበት ይፈልገዋልና።

የሴት ልጅ ጉዳይ በሕግ በኩል ፈጥኖ ተለውጧል። የጋብቻ ዝቅተኛ ዕድሜ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ሆኗል፤ ክልሉም የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። በተግባር የሴት ልጅን ጋብቻ በብዛት ያዘገየው ግን በየቀበሌው ትምህርት ቤት መከፈቱና ወላጅ «ትማርልኝ» ማለት መጀመሩ ነው። ትምህርት ቤቱ ከራቀ፣ መንገዱም ካሠጋ የጋብቻው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል።

በባሕር ዳር ከተማ ውስጥ አስተዳደግ የቤቱ ጉዳይ ብቻ እየሆነ መጥቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከሚፈጸም የአካል ቅጣት ይጠብቃል፤ ጎረቤትም የሰው ልጅ ከመምታት ታቅቧል። ይህ መልካም ነው፤ ሆኖም የጎረቤቱ ዱላ ሲቀር የጎረቤቱ ጥበቃም አብሮ ቀርቷል። አቅም ያለው ወላጅ ልጁን ወደ ግል ትምህርት ቤት ይልካል፣ አስጠኚ ይቀጥራል፣ ስልኩን ይቆጣጠራል ወይም መቆጣጠር ያቅተዋል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማርን ሲያስፋፋ የተማሪው ቁጥር በብዙ እጥፍ አደገ። ጥራቱ ምን ላይ እንዳለ ያሳየው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ትምህርትን የውርስ ምትክ አድርጎ ለያዘ ገበሬ ይህ ቁጥር ከፖሊሲ ወሬ ይልቅ እንደ ሰብል መጥፋት የሚሰማ ዜና ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ። አቅም ወይም ዘመድ ያለው ልጁን ወደ ባሕር ዳር አምጥቷል፤ የከተማዋ ክፍሎች ተጨናንቀዋል፣ የኪራይ ቤት ዋጋም ንሯል። አቅሙም ዘመዱም የሌለው ግን ልጁን ወደ እርሻና ወደ ከብት ጥበቃ መልሷል፣ ሴት ልጁንም ለመዳር ተገፍቷል። መንገድ ሲዘጋ የአብነት (የቤተ ክርስቲያን ትምህርት) ተማሪዎች ከአገር አገር ተዘዋውሮ መማርና መለመንም ከብዷቸዋል፤ በመሆኑም መደበኛው ትምህርት ቤት ሲዘጋ መጠጊያ ሊሆን ይችል የነበረው ጥንታዊው ጉባኤ ራሱ በብዙ ቦታ ተማሪ አጥቷል።