ነፃ የፍትሐ ብሔር የሕግ ድጋፍ በመሐል አዲስ አበባ

ነፃ የፍትሐ ብሔር የሕግ ድጋፍ ጠበቃ ለማቆምም ሆነ ክስ ሲከፈት ለፍርድ ቤት የሚከፈለውን የዳኝነት ክፍያ ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው በቀለብ፣ በፍቺና በንብረት ክፍፍል፣ በውርስ፣ በቤት፣ በደመወዝና በመሳሰሉት ጉዳዮች ያለ ክፍያ የሚያገኘው ምክር፣ የአቤቱታ ዝግጅትና ውክልና ነው። በአዲስ አበባ ይህን ድጋፍ የሚሹ ሰዎች በብዛት የሚታዩት እንደ ልደታ ባሉ የፍርድ ቤት ምድብ ችሎቶች ደጃፍ ሲሆን፣ አብዛኞቹም ከጉዳያቸው ክብደት ይልቅ ጉዳያቸውን የሚጽፍላቸው ሰው ማጣት ያስጨነቃቸው ናቸው።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብና ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት ግን በአንቀጽ 20 የተሰጠው በወንጀል ለተከሰሱ ሰዎች ሲሆን፣ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር ያለው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤትም በዋነኛነት የሚሠራው በዚሁ ዘርፍ ነው። ስለዚህ ለልጆቿ ቀለብ የምትጠይቅ ወይም ከምትኖርበት ቤት ልትወጣ የተቃረበች እናት ተመሳሳይ ዋስትና የላትም። ጎዳና ላይ መውደቅ ከእስር በማይተናነስ መልኩ ቤተሰብን የሚበትን በመሆኑ፣ ይህ ልዩነት ሊጠብብ የሚገባው ነው።

በፍትሐ ብሔር በኩል የቆየው መፍትሔ የደሃ ደንብ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ የዳኝነት ክፍያ ለመክፈል በቂ ሀብት የሌለው ሰው ሳይከፍል እንዲከስ ይፈቅዳል። አመልካቹ ያለውን ንብረት ከነግምቱ ዘርዝሮ ያቀርባል፤ አልጋው፣ ብርድ ልብሱ፣ ካለውም ቴሌቪዥኑ በተራ ቁጥር ይሰፍራል። ከወረዳ የተጻፈ የድህነት ማስረጃና ኑሮውን የሚያውቁ ጎረቤቶች ቃል ሊታይ ይችላል፤ ተከሳሹም አመልካቹ ከፍሎ መክሰስ ይችላል ብሎ የመከራከር ዕድል አለው። ፍርድ ቤቱ ከፈቀደ ክሱ ያለ ክፍያ ይከፈታል፤ ከሳሹ ካሸነፈም ክፍያው ከተረታው ወገን እንዲወሰድ ይደረጋል። ማጣትን ባላጋራ ፊት ማስረዳት ለብዙዎች ከክርክሩ ከራሱ የከበደ ነው። ደንቡ የሚያስቀረውም ክፍያውን ብቻ ነው፤ ጠበቃ አያቆምም።

ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። በቀድሞው የበላ ልበልሃ ሙግት አንደበተ ርቱዕ የሆነ ድሃ በቃሉ ብቻ ባለጸጋን ሊረታ ይችል ነበር፤ የዛሬው ክርክር ግን በጽሑፍ የሚመራ ነው። ከሳሽ የምስክሮቹንና የሰነዶቹን ዝርዝር ገና ክሱን ሲያቀርብ አያይዞ ማስገባት ስላለበት፣ ያን ጊዜ የተረሳን ማስረጃ በኋላ ማስገባት አስቸጋሪ ነው። ለምሳሌ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎች ያፈሩት ንብረት የጋራ የሚሆነው ግንኙነቱ ከ3 ዓመት ያላነሰ ጊዜ የቆየ ሲሆን ነው ይላል። የጋብቻ የምስክር ወረቀት የሌላት ሴት ይህን የምታስረዳው አብሮ መኖራቸውን በሚያውቁ ጎረቤቶችና በእድር አባላት ነው። በፍርድ ቤት አካባቢ በጥቂት ብር አቤቱታ የሚያዘጋጀው ራፖር ጸሐፊ የነገሯትን ሁሉ አሳምሮ ቢጽፍላትም፣ የዓመታቱን ቁጥር ካላሰፈረ ወይም ምስክሮቹን ካልዘረዘረ ጉዳዩ ገና ከመነሻው ይዳከማል። የነፃ ድጋፍ ትልቁ ዋጋ ያለውም በዚህ የመጀመሪያ ወረቀት ላይ ነው።

ድጋፉን የሚሰጡት አካላት የተለያዩ ናቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ለሴቶች ምክርና ውክልና በመስጠት ስሙ የታወቀ ሲሆን፣ በመብት ላይ የሚሠሩ ማህበራት ከውጭ የሚያገኙትን ገንዘብ በ10 በመቶ የገደበው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ሥራውን ክፉኛ አጥብቦበት ነበር፤ ገደቡ የተነሳው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። በስድስት ኪሎ ግቢ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ተማሪዎች በመምህራን ክትትል የሚሳተፉበት ነፃ አገልግሎት አለው። ጠበቆችን በተመለከተ፣ የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በዝቅተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ደንግጎ ነበር፤ የጥብቅና ሙያን የሚመራው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ከወጣ በኋላም ነፃ አገልግሎት የሙያው ግዴታ ሆኖ ቀጥሏል። ከመንግሥት በኩል ፍትሕ ሚኒስቴር ራሳቸው መከራከር የማይችሉ ዜጎችን፣ በተለይም ሴቶችንና ሕፃናትን፣ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይደግፋል።

በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ ለሠራተኛው እንቅፋት አይደለም፤ ሕጉ ሠራተኛን ከዚህ ክፍያ ነፃ አድርጎታል። እንቅፋቱ ጊዜ ነው፤ ያላግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚያቀርበው ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። የቤት ሠራተኞች ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የማይሸፈኑ በመሆናቸው ደመወዝ የተከለከለች ልጅ የምትከራከረው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ይህንንም የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል።

ከምክሩ ሁሉ አጭሩ፣ ግን እጅግ ጠቃሚው፣ ባለጉዳዮች ወደ የትኛው ፍርድ ቤት መሄድ እንዳለባቸው ማሳወቅ ነው። በከተማው ቻርተር፣ በአዋጅ ቁጥር 361/1995፣ የቀበሌ ቤት ክርክር ለከተማው ፍርድ ቤቶች የተሰጠ ሲሆን፣ ፍቺና ቀለብ ግን በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይታያሉ። ይህን የማያውቅ ባለጉዳይ ወራት ከተመላለሰ በኋላ ሥልጣን የለንም ተብሎ መዝገቡ ይዘጋበታል።

ውሳኔ ማግኘትም የጉዳዩ ፍጻሜ አይደለም። የተፈረደለት ሰው ባለዕዳው በፈቃዱ ካልፈጸመ የአፈጻጸም መዝገብ ከፍቶ የባለዕዳውን ደመወዝ፣ ቤት ወይም የባንክ ሒሳብ ራሱ አፈላልጎ ማመልከት አለበት፤ ለዚህም 10 ዓመት ተሰጥቶታል። ድጋፍ ሰጪ በፍርዱ ዕለት ከተሰናበተ፣ ቀለብ የተፈረደላት እናት የውሳኔውን ግልባጭ ይዛ የአባትየውን መሥሪያ ቤት ለብቻዋ ታፈላልጋለች።