ብርሃን ሰብሳቢ ፖሊመሮች እና የወሎ ፀሐይ

ቅጠል ውስጥ ብርሃን የሚሰበስበው አንድ ሞለኪውል ብቻውን አይደለም። ብዙ ክሎሮፊሎች (የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም ሞለኪውሎች) ብርሃኑን ይውጡና ጉልበቱን እየተቀባበሉ ወደ አንድ ማዕከል ያደርሱታል። ሰው ሠራሽ ብርሃን ሰብሳቢዎችም የሚከተሉት ይህንኑ ዘዴ ነው። ከእነሱ ውስጥ ፖሊመሮች የራሳቸው ቦታ አላቸው።

ፖሊመር ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት ነው። የጀሪካንና የፌስታል ፕላስቲክም ፖሊመር ነው፤ ግን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሂገር፣ ማክዳይርሚድና ሺራካዋ የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1977 ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ፖሊመር ሠርተው አሳዩ። በ2000 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙትም ለዚሁ ሥራ ነው።

እንዲህ ያሉ ፖሊመሮች የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ሶላር ለመሥራትም ይውላሉ፤ ዋናው ችግር ግን ርቀት ነው። ብርሃን ፖሊመሩን ሲመታው አንድ ኤሌክትሮን ይነቃል፤ ከነበረበት ቦታ ግን ወዲያው አይላቀቅም። ይህ የነቃ ጉልበት መጓዝ የሚችለው 10 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)። እስከዚያ ኤሌክትሮኑን የሚቀበል ሌላ ቁስ ካላገኘ ባክኖ ይቀራል። ስለዚህ ኤሌክትሮን ሰጪው ፖሊመርና ተቀባዩ ቁስ በደንብ ተደባልቀው፣ ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ንብርብር ይቀባሉ። ድብልቁ እንደ ቀለም ሊታተም መቻሉ በጣም ደስ ይላል። በላቦራቶሪ ብቃቱ፣ ማለትም ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ድርሻ፣ ከ19 በመቶ አልፏል። የሲሊከን ሶላር አሁንም ይበልጠዋል፤ ዕድሜውም ረጅም ነው።

ታዲያ ለወሎ ምን ይጠቅማል? ደላንታና ወረኢሉ ውስጥ ከመኪና መንገድ የራቁ ቀበሌዎች አሉ። ዕቃ የሚደርሰው በአህያና በበቅሎ ነው። የመስታወት ሶላር ይከብዳል፣ ይሰበራል። ቀጭን የፖሊመር ሶላር ግን ተጠቅልሎ ይጫናል፤ የሣር ክዳን ቤት ላይም ቢዘረጋ ጣሪያውን አይጫነውም።

የሚያሳስበኝ ፀሐዩ ነው። ባቲ ገበያ ላይ ከርሞ የነጣ የፕላስቲክ ሸራ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ያን ያደረገው አልትራቫዮሌት ጨረርና ኦክስጅን ነው። ብርሃን ሰብሳቢ ፖሊመሮችንም የሚጎዷቸው እነዚሁ ናቸው፤ እርጥበትና ሙቀት ይጨመሩበታል። በዚያ ላይ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጨረሩ ይበረታል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ዝቅ ትላለች፤ ግን ሙቀቷ ይበልጣል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው። አንዱን ናሙና ደሴ ጣሪያ ላይ፣ አንዱን ኮምቦልቻ አውጥቶ ከክረምት እስከ በጋ መለካት ቢቻል፣ ጨረሩና ሙቀቱ እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሚጎዱ ለመለየት ይረዳል። ለደላንታ ገበሬ ከብቃቱ ቁጥር ይልቅ የሚያስፈልገው ይህ መልስ ነው።